ዝናብ የሚያሸንፉ መጻሕፍት

ሰኔ ሲጋመስ ከወዳጅ ዘመድ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለክረምቱ ምን ላንብብ?» ጠያቂዎቹ ግን ለየቅል ናቸው። አንዱ ልጁ ዓይኑን ከስልክ ላይ እንዲነቅልለት የሚለምን አባት ነው። አንዷ ዓመቱን ሙሉ የሰው ደብተር ስታርም የከረመች መምህርት ናት፤ ቀይ እስክሪብቶ ሳትይዝ የምታነበው ነገር ናፍቋታል። አንዱ ደግሞ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ይቆይና፣ ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁት መጽሐፉን ገልጦት እንደማያውቅ፣ የሰማው በሬዲዮ እንደሆነ ይነግራችኋል።

በዚህ በመጨረሻው ሰው ብዙዎች ይስቃሉ። እኔ አልስቅበትም። እንዲያውም ከሦስቱ ስለ ክረምት ንባብ የገባው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በሐምሌ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ መብራቱም እንደልማዱ ሲሄድ፣ ቤተሰብ ሁሉ ወደ አንድ ክፍል ይሰበሰባል። ብቻውን ጥግ ይዞ ለሚያነብ ሰው ጥርም ሚያዝያም ያው ነው። ቤት ሙሉ ሰው አንድ ላይ ተከትቶ የሚያመሸው ግን በክረምት ነው። ስለዚህ ለክረምት መጽሐፍ ስመርጥ የራሴ መለኪያ አለኝ፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰዉን ይይዛል ወይ? ከዝናቡ ድምፅ በላይ ይሰማል ወይ? የማደንቃቸው ብዙ መጻሕፍት በዚህ መለኪያ ይወድቃሉ፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። የሚያልፉት ግን ሲያልፉ ጉድ ናቸው።

ይህን መለኪያ የሰጠችኝ አያቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ክረምት ሲገባ ጥጧን ይዛ እሳቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ እንዝርቷ ይሽከረከራል፤ አባቴ እኛን ልጆቹን በተራ ያስነብበናል። ደባሪ አንባቢ ሲገጥማት «አታንጎራጉር፤ ንገረኝ እንጂ!» ትላለች። ቃል ተሳስተን ብናነብ ግድ አልነበራትም። ግድ የሚላት ማን ምን እንዳለ፣ ሲለውም እንዴት ሆኖ እንዳለ ነው። ፊታውራሪ መሸሻን እንደ ተማሪ ንባብ ለስለስ አድርጎ ያነበበ ወንድሜ ተግሳጽ ቀምሷል፤ «ፊታውራሪ እንዲህ ነው የሚናገር?»

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንግዲህ ከዚህ ልጀምር። ሀዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው በሁለት መንገድ ያውቀዋል፤ በወረቀት እና በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ የዚያ ዘመን ሰው ማግኘት ያዳግታል፤ አያቴም እኛን የምትመዝነን በእሱ ነበር፤ ፍርዱ ፍትሐዊ ነበር ማለት አልችልም። መጽሐፉን ዝም ብላችሁ በዓይናችሁ ካነበባችሁት የጉዱ ካሣ ንግግሮች ይረዝሙባችኋል። ሰውዬው ስለ ሥርዓቱ፣ ስለ ልማዱ፣ ስለ ጌታና ሎሌ አንዴ ከጀመረ ገጽ ከገጽ አያቆምም፤ አንዳንድ ተቺም ይህን እንደ ድክመት ይቆጥርበታል። በድምፅ አንብቡትና እዩ። ከፊታውራሪ ግቢ ውስጥ፣ እብድ እየተባለ፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም የሚናገር ሰው ይሆናል። ርዝመቱ ያን ጊዜ ጠባዩ ነው። በዓይን የሚዘለለው ገጽ በጆሮ አይዘለልም።

ደግሞ ያስቃል። ሰው ይህን መጽሐፍ በእንባ ብቻ ነው የሚያስታውሰው፤ ርዕሱም እዚያው ይገፋዋል። እኔ ክረምት በመጣ ቁጥር የምመለስበት ግን ፊታውራሪ መሸሻ በገዛ ገበሬዎቻቸው ላይ የሚዘምቱበትን ክፍል ነው። ባላገሩ ከደንቡ በላይ የተጠየቀውን አልሰጥም ይላል፤ ፊታውራሪ ሹመታቸውንና ዘራቸውን ቆጥረው ጦር ይዘው ይወጣሉ፤ አበጀ በለው የሚመራው ገበሬ ደግሞ ማርኮ ይይዛቸዋል። ይህን ስናነብ አያቴ እንዝርቷን አቁማ «ይበላቸው!» ስትል ትዝ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ ታዝንላቸዋለች። ሀዲስ ጌታውን እስከ መጨረሻው መሳቂያ አድርገው አይተዉትም፤ ልጅ ያለው፣ የሚፈራ፣ ያረጀ ሰው ያደርጉታል። ለአንድ ክረምት አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይኸው ነው። አንብቤዋለሁ የምትሉም ብትሆኑ ከማንኩሳ ጀምራችሁ፣ የውድነሽ በጣሙንና የቦጋለ መብራቱን ጋብቻ ሳትዘሉ፣ ለሰው አንብቡት።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠራውን መጽሐፍ ሰው ባለማወቁ ሁልጊዜ እገረማለሁ። መንግሥቱ ለማ፣ ጸሐፌ ተውኔቱና ገጣሚው፣ ሽማግሌ አባታቸውን አለቃ ለማ ኃይሉን በቴፕ እየቀዱ አወሯቸው፤ ከዚያ ወሬውን እንደወረደ ወደ ጽሑፍ መለሱት። «መጽሐፈ ትዝታ» የሚባለው ይኸው ነው። አለቃ ለማ የቤተ ክህነት ሊቅ ናቸው፤ የሚያወሩትም የቆሎ ተማሪ ሕይወት፣ የቅኔ መምህራን ቀልድና ቅናት፣ የዘመኑ መኳንንት አኳኋን ነው። መንግሥቱ ግን የአባታቸውን ንግግር አላስጌጡትም። ሽማግሌው ነገር ሲያቋርጡ ያቋርጣል፤ ሲመለሱ ይመለሳል፤ የረሱትን ስም ሲፈልጉ አንባቢውም አብሮ ይጠብቃል። ድሮ ከንግግር የተነሣ መጽሐፍ ስለሆነ ጮክ ብሎ ማንበብ ለእሱ ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ትንሽ ትንሽ እየቆረጣችሁ አንብቡት፤ በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት ጨዋታ ይበቃል። ቤተ ክህነት የተማረ ሽማግሌ በቤታችሁ ካለ ደግሞ መጽሐፉን አያስጨርሳችሁም፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ «ይኼማ ምን አላት፤ እኛ መምህር ዘንድ…» ብሎ ይነሣል። ያን ጊዜ መጽሐፉን ዝጉና እሱን ስሙ። የሚቻላችሁ ከሆነ ስልካችሁን ቅጃ ላይ አድርጉት፤ መንግሥቱ ለማ ያደረጉት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ትዝታ ከተነሣ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የሕይወቴ ታሪክ» አለ። በልጅነታቸው ዐድዋን ያዩ፣ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በኋላም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ለአገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው። የአንድ ሰው ዕድሜ ይህን ሁሉ መሸከሙ ራሱ ያስደንቃል። የእኔ ደስታ ግን ሌላ ነው፤ ሰውዬው አይለማመጡም። የናቁትን ንቄያለሁ ይላሉ፤ ራሳቸውንም ዝቅ አድርገው አያቀርቡም። ትሕትና ለለመደ ጆሮ መጀመሪያ ይቆረቁራል፤ ቆይቶ ይጥማል።

አሁን ወደ ቀጠነ መጽሐፍ እንሻገር ብል «ኦሮማይ» ቀጭን አይደለም፤ ግን እንደ ቀጭን ይሮጣል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ ያሳተመው፣ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ዘመን አሥመራ ላይ የሚካሄድ ልብ ወለድ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም አዲስ አበባ ላይ እጮኛውን ትቶ ይሄዳል፤ አሥመራ ላይ ፊያሜታን ያገኛል፤ ከበስተጀርባ ጦርነቱ ወደ ናቅፋ ይገሰግሳል። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን ታሪክ ሁሉም ስለሚያውቀው መጽሐፉ ራሱ ይሸፈናል። ሰው ኦሮማይን እንደ ማስረጃ ነው የሚያነበው፤ ማን ማን ነው፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለ ሥልጣን ነው እያለ። ለአንድ ክረምት ይህን ተዉት። በዓሉ ጋዜጠኛ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ንግግሩ ፈጣን ነው፤ ሁለት ሰው ተከፋፍሎ ቢያነበው እንደ ሬዲዮ ድራማ ይሆናል። እኛ ቤት ያነበብነው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሆኖም አባቴ አንዳንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ልማድ መጥፎ ነው።

እህቴ ኩዌት ናት። እዚያ ሐምሌ ማለት ሙቀቱ 50 ዲግሪ የሚጠጋበት ወር ነው፤ ዝናብ የለ፣ ቆርቆሮ የለ። ሰው ቤት ስለምትሠራ መጽሐፍ ይዛ የምትቀመጥበት ሰዓት የላትም፤ ጆሮዋ ግን ነፃ ነው። ልብስ ስትተኩስ አንዱን ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ትከትና የማነብላትን በቴሌግራም ድምፅ ትሰማለች። ከኔ ጀርባ ዝናብ ሲሰማ «ትንሽ ዝም በል፣ እሱን ላዳምጥ» ብላ መልሳ ትልክልኛለች። ምዕራፉን ካላገባደድኩት ደግሞ ስድብ ይመጣል። ለእሷ ያነበብኩላትና ከሁሉ በላይ የወደደችው «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ነው።

ይህ መጽሐፍ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችው፣ በአሜሪካዋ ጆርጂያ የሚካሄድ ልብ ወለድ ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ነቢይ መኮንን ነው፤ ቆይቶ የ«አዲስ አድማስ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የሆነው ገጣሚ። የተረጎመው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። መጽሐፉን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትራስ የሚያክል ነው። ይህንን በፓኮ ወረቀት! እህቴ ይህን ስነግራት ለጊዜው ዝም አለች፤ ከዚያ የጠየቀችኝ ነገር እኔ አስቤው የማላውቀው ነበር። «ስንቱ ሰው ሲጋራ አጭሶለት ይሆን?»

የዋናው መጽሐፍ ጉድ ግን መነገር አለበት። ሚቸል የባሪያ አሳዳሪዎቹን ዓለም በናፍቆት ነው የምትስለው፤ ጥቁሮቹ ገጸ ባሕርያት ጌቶቻቸውን እንዲወዱ ሆነው ተቀርጸዋል። ይህን ሳይቆነጥሩ ማለፍ አይቻልም፤ እህቴም አላለፈችውም። የሰው ቤት ሠራተኛ ስለሆነች በእነዚያ ገጾች ላይ ከኔ የበለጠ የምትለው ነበራት፤ እመቤቲቱን እየረገመች ቀጥል ትለኛለች። መጽሐፍ ከሚረግመው አንባቢ ጋር እንዲህ ሲዘልቅ ያየሁት በእሷ ነው። የነቢይ አማርኛ ደግሞ ከተርጓሚ የወጣ አይመስልም፤ ስትናገሩት ምላስ ላይ አይደናቀፍም። ብዙ የትርጉም መጻሕፍት በዓይን ደኅና ሆነው በድምፅ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

መለኪያዬን የማያልፉት የሚቆጩኝ አሉ። አዳም ረታ ዋናው ነው። «ግራጫ ቃጭሎች»ን በክረምት ብቻዬን ሁለቴ አንብቤያለሁ፤ የመዝገቡ ልጅነት፣ ያ የሽታና የቀለም ብዛት ሌላ ቦታ አላገኘሁትም። ግን ለሰው ላነበው ስሞክር አልሄደልኝም። አዳም ገጹን እንደ ገጽ ነው የሚጠቀምበት፤ የግርጌ ማስታወሻ ይጨምራል፣ ከማስታወሻው ሌላ ታሪክ ይጀምራል፣ እሱ ራሱ ሕጽናዊነት የሚለው ከእንጀራ ያመጣው አካሄድ ዓይን ወዲያና ወዲህ እንዲል ይፈልጋል። ጆሮ ወደ ግርጌ መውረድ አይችልም። ስለዚህ አዳምን በቀን፣ ሰው ሳይነሣ፣ በጋቢ ተጠቅልላችሁ አንብቡት። ጀማሪ ከሆናችሁ ከልብ ወለዱ በፊት በአጫጭር ልብ ወለዶቹ ግቡ።

የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ችግር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ለድምፅ ከእሱ የተሻለ አማርኛ የለም፤ እንደሚያወራው ነው የሚጽፈው። ነገር ግን የአዲስ አበባውን የመሸታ ሰፈር የውቤ በረሃን ሌሊት የሚተርከውን «ሌቱም አይነጋልኝ»ን እናትና አባቱ ፊት ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው ካለ እጁን ልጨብጠው። «አምስት ስድስት ሰባት» ይሻላችኋል፤ አጭር ነው፣ ማንም አይደነግጥም።

ልጆች ካሉ ከበደ ሚካኤል። «ታሪክና ምሳሌ»ን ትልልቆቹ ከትምህርት ቤት ስለምናውቀው ያረጀ ይመስለናል፤ ለልጅ ግን አዲስ ነው፤ ግጥሙ ቤት ስለሚመታ ሁለተኛ ቀን ላይ አብሮ ይለዋል። ከግጥሞቻቸው መካከል ለክረምት የተጻፈ የሚመስለው የአዝማሪውና የውሃ ሙላቱ ነው። አዝማሪው የሞላ ወንዝ አላሻግር ቢለው መሰንቆውን ይዞ ዳር ላይ ቆሞ ወንዙን ያሞግሳል፣ እንዲጎድልለት። መንገደኛ ያገኘውና የሰማህ ውሃ አልፎ ሄዷል፣ አሁን የሚመጣው ሌላ ነው ይለዋል። ይህን ለእህቴ ልጅ ሳነብለት አልሳቀም፤ «ታዲያ ዘፈኑን ወደ ላይ ሄዶ ለምን አልጀመረም?» አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። መልስ አላገኘሁለትም።

ከፍ ላሉት፣ «መጽሐፍ አያስቅም» ብለው ለደመደሙት ጎረምሶች፣ የበዕውቀቱ ስዩም «ከአሜን ባሻገር» ይሁን። ታሪክም፣ ጉዞም፣ ነገርም አለው፤ ሲያስቅ ሳለ ነው የሚቆነጥጠው። ቀስ ብሎ ደግሞ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ»። በ1966 ዓ.ም. የወጣ ነው። ጸጋዬን በዓይን ብቻ ማንበብ ከበሮን ማየት ነው። ስንኙ ረጅም ነው፣ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ለብቻችሁ ተለማመዱት፤ አለበለዚያ መሐል ላይ ታንቃችሁ ቤቱን ታስቃላችሁ።

የአገራችንን ሴት ደራሲ አላነሣህም የምትሉኝ ልክ ናችሁ፤ የሕይወት ተፈራን ሥራዎች ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚከብዱ ነው። በእንግሊዝኛ ጽፋው በኋላ በአማርኛ የወጣው «ማማ በሰማይ» የዚያ ትውልድ፣ የአብዮቱ ዘመን ወጣቶች ታሪክ ነው፤ ፍቅሩ፣ ድርጅቱ፣ እስሩ። ብዙ ቤት ውስጥ ይህ ዘመን በሹክሹክታ ብቻ ነው የሚነሣው። ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ከአድማጮቹ አንዱ ድንገት ተነሥቶ ወደ ጓዳ ሊሄድ ይችላል። አትከተሉት፤ ማንበባችሁንም አታቁሙ፤ ከጓዳ ይሰማል። ልብ ወለዷ «ምንትዋብ» ቀለል ይላል፤ ጎንደርንና እቴጌዪቱን ይዞ ይሄዳል፤ ለፍልሰታ ሰሞን፣ ሰው ጾሙን ይዞ ሰብሰብ ሲል ይመቻል።

ስለ አነባበቡ ጥቂት። አንባቢው አንድ ብቻ አይሁን፤ አንድ ሰው ብቻ ካነበበ ሌላው እንደ ስብከት ይሰማዋል። በየገጹ ቃል እየተረጎማችሁ አታቁሙ፤ ያልገባው ይጠይቃል፤ ካልጠየቀ ገብቶታል ወይም ተኝቷል። በቆሎ ጥብስ ይዞ ማንበብ የተከለከለ ነው፣ ገጹ ይጠቁራል። ምዕራፉ መሐል ላይ መብራት ቢመጣ ቴሌቪዥኑን ማን እንደሚከፍተው አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የሚሻለው ማንም ባይከፍተው ነው።

መጽሐፉን ከየት እናምጣ ለምትሉ፤ አዲስ መጽሐፍ ዋጋው ከየዓመቱ እየሸሸ ነው። ለአሮጌ መጽሐፍ አራት ኪሎም ለገሃርም ሜክሲኮም ብትዞሩ ዳር ዳር ያነጠፈ አታጡም፤ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ያለብሳቸዋል፣ ላስቲኩን ገልጣችሁ ነው የምትመርጡት፤ የረጠበውን አትግዙ፣ ይሻግታል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ዛሬም አለ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም እዚያው አራት ኪሎ ነው። ሁሉም ካልሆነ ጎረቤት።

ዘንድሮ የመምረጡ ተራ የእህቴ ነው። የመረጠችው የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ነው። ተከራክሬያት ነበር። አደፍርስ ክርክር የሞላበት መጽሐፍ ነው፤ የተማረው ጎረምሳ ገጠር ገብቶ ሁሉን ይሞግታል፣ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ አፍ ይመልስለታል፣ ደራሲው ደግሞ ለአንባቢ አይራራም። በአንድ ማዳመጫ፣ ካውያ እየጮኸ፣ ማን ማን እንደሆነ እንዴት ትለያለሽ አልኳት። «አንተ ድምፅህን ቀይር እንጂ እኔ እለያለሁ» አለች። ስለዚህ ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ እንደ ባላገር፣ እንደ ሴት ወይዘሮ፣ እንደ ቄስ መናገር እየተለማመድኩ ነው። የቀረኝ መጽሐፉ ነው። የኔን ቅጂ የወሰደ ሰው እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ማን እንደሆነም ዘንግቻለሁ። ያላችሁ አበድሩኝ፤ ለመስከረም እመልሳለሁ።